ስለ እምዬ በለስና ስለ ነጩ ተባይ

በዚህ መጽሔት ላይ ብዙ ተማሪዎች ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ አገር ፍቅር ሲጽፉ አንብቤአለሁ። እኔ ግን የምጽፈው ስለ አንድ ትንሽ ተባይ ነው። ተባዩ ከምስር ፍሬ ያንሳል፤ ነገር ግን ቤታችንን አራት ወር ሙሉ አምሶታል። ወደ ቤት ያመጣሁትም እኔው ራሴ ስለ ሆንሁ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው አንሥቼ እንድናገር ግድ ይሆንብኛል።

የምንኖረው አቃቂ በሰቃ ነው። በግቢያችን አጥር ሥር ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ አንድ የበለስ ቁልቋል ቆሟል። ይህን ቁልቋል የተከሉት አያቴ ሲሆኑ፣ በቤት ውስጥ ሁላችንም እምዬ እንላቸዋለን። እምዬ የተወለዱት በራያ አዘቦ፣ በመሆኒ አጠገብ ባለ አንድ መንደር ነው። ወደ አቃቂ የመጡት ባላቸው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ባገኙ ጊዜ ነበር። በ1984 ዓ.ም. አባታቸው ስለ ሞቱ ለለቅሶ ወደ አገራቸው ሄዱ፤ ሲመለሱም ከአባታቸው ጓሮ አንድ የበለስ ቅጠል ቆርጠው፣ በነጠላ ጠቅልለው፣ በአውቶቡስ ጭናቸው ላይ አድርገው አመጡት። እሾሁ ነጠላውን አልፎ መንገዱን ሁሉ እንዴት ይወጋቸው እንደ ነበረ እስከ ዛሬ እየሳቁ ያወሩናል።

ቅጠል አልሁ እንጂ እውነተኛው ቅጠሉ አይደለም። ያ ጠፍጣፋ፣ ወፍራም፣ ውኃ ያቆረ ነገር የተክሉ ግንድ ነው፤ ቅጠሉ ግን ወደ እሾህ ተለውጧል። ይህን የነገረን የባዮሎጂ መምህራችን ነው። እንደዚሁም በመጽሐፍ ቅዱስ የምናነበው በለስ ሌላ ዛፍ እንደ ሆነ፣ በክረምት በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ እየተላጠ የሚሸጠው የኛ በለስ ግን አገሩ ሜክሲኮ እንደ ሆነ አስረድቶናል። ለእምዬ ይህን ስነግራቸው፣ «ሜክሲኮ አደባባይ?» አሉኝ፤ አገሩን ነው ብላቸውም ብዙ አልተደነቁም። ለእርሳቸው የበለስ አገሩ ራያ ነው።

እኔ ደግሞ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ጀምሬ ውኃ የሚያቁሩ ተክሎችን በቆርቆሮና በተቆረጠ ጀሪካን እየተከልሁ መሰብሰብ ልማዴ ነው። እንደዚህ ያለውን ተክል የመረጥሁት ሌላ ምክንያት ኖሮኝ አይደለም፤ በሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ስለ ሆነ ነው። ጽጌረዳ ሁለት ሳምንት ቢጠማ ይሞታል፤ እሬት ግን ይታገሣል። እሬትን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ሕፃን ጡት እንዲተው እናቶች በሚቀቡት መራራ ውኃው ነው እንጂ፣ በአገራችን ከ40 የሚበልጡ የእሬት ዓይነቶች እንዳሉ፣ ብዙዎቹም ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር እንደማይገኙ የሚያውቅ ጥቂት ነው። በእኔ ቆርቆሮዎች ውስጥ ሁለት ዓይነት እሬት፣ ሦስት እንዳሁላና አንድ ቅንጭብ ነበሩ። ሁሉም ከጎረቤት ወይም ከመንገድ ዳር ያገኘኋቸው ነበሩ፤ ገንዘብ የከፈልሁበት አንድም አልነበረም።

በዐሥራ አንደኛ ክፍል፣ በጥቅምት ወር፣ ከሳሪስ ስመለስ በመንገድ ዳር ከሚሸጡ ችግኞች መካከል እንደ ጽጌረዳ ክብ ሆኖ የተደራረበ፣ ግራጫ መልክ ያለው ትንሽ ተክል አየሁ። ሻጩ «ሰኩለንት» አለኝና 150 ብር ጠየቀኝ። በ120 ብር ተስማማን። ያ ገንዘብ ለደብተር የተሰጠኝ ነበር። በታክሲ ውስጥ እንዳይሰበርብኝ በሁለት እጄ አቅፌው መጣሁና ፀሐይ እንዳያቃጥለው ብዬ ጥላ ካለበት ስፍራ፣ ማለት ከእምዬ በለስ ሥር አስቀመጥሁት። አንባቢዬ ሆይ፣ ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው።

በኅዳር መጨረሻ በአዲሱ ተክል ቅጠሎች መጋጠሚያ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር አየሁ። አቧራ መስሎኝ እፍ አልሁበት፤ አልበረረም። የአጋማሽ ፈተና ደርሶ ስለ ነበረ ነገሩን ተውሁት። በታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ግን አንድ ቀን ጧት እምዬ በለሳቸው አጠገብ ቆመው ጠሩኝ። በድምፃቸው ውስጥ እስከዚያ ቀን ሰምቼው የማላውቅ ነገር ነበረ። በታችኞቹ ሦስት ቅጠሎች ላይ፣ በየእሾሁ ሥር፣ ያው ነጭ ጥጥ ተለጥፎ ነበር።

«ምን አመጣሽብኝ?» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። እርሳቸውም መልስ አልጠበቁም። ከነጩ ጥጥ አንዱን በጣታቸው አነሡና በአውራ ጣታቸው ጨፈለቁት። ጣታቸውንም ወደ ብርሃን አንሥተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

«ዓይኔ አይታመንም፤ አንቺ እዪው። ቀይ ነው?»

«ቀይ አይደለም፣ እምዬ። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው።»

«ደኅና አድርገሽ እዪ!»

ከደብተሬ አንድ ነጭ ወረቀት ቀድጄ አመጣሁና ሰባት ስምንት የሚሆኑትን በወረቀቱ ላይ ጨፈለቅናቸው። ወረቀቱ ርሶ ቢጫ ነጠብጣብ ሆነ እንጂ ቀይ የሚባል አልታየበትም። በዚህ ጊዜ እምዬ እግዚአብሔር ይመስገን ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ለምን ቀይን እንደ ፈሩ የጠየቅኋቸው ከዚያ በኋላ ነው።

የነገሩኝን፣ በኋላም ከመምህራችንና ከመጻሕፍት ያገኘሁትን ባጭሩ ልጻፍ። ኮቺኒያል የሚባል ተባይ አለ። እርሱም በበለስ ላይ ብቻ ይኖራል፤ ነጭ ጥጥም ይለብሳል። ሲጨፈለቅ ግን ደም የመሰለ ደማቅ ቀይ ይወጣዋል። ይህ ቀይ በዓለም ገበያ የተወደደ ቀለም ነው፤ በከንፈር ቀለም፣ በከረሜላና በልዩ ልዩ ምግብ ውስጥ ይገባል። አንድ ፓውንድ ቀለም ለማግኘት 70,000 ያህል ተባይ ያስፈልጋል ይባላል። በፔሩ ገበሬዎች ተባዩን በበለሳቸው ላይ እያረቡ፣ እየለቀሙና እያደረቁ ይሸጡታል። ወደ ትግራይም የመጣው በዚሁ አሳብ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ለገበሬው አዲስ የገቢ ምንጭ ይሆናል ተብሎ በበለስ ላይ እንዲረባ ተደረገ። ነገር ግን ኮቺኒያል ያለማቋረጥ ካልተለቀመ ይበዛል፤ ልጆቹም በነፋስ፣ በእንስሳትና በሰው ልብስ ላይ ሆነው ይሄዳሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በደቡብ ትግራይ ከታሰበለት ስፍራ ወጥቶ የራያን በለስ ይወርር ጀመር። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ማጥፊያውን አጥንተዋል።

በለስ ለራያ ሰው ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ወሬ ሊመስለው ይችላል። ፍሬው የሚደርሰው በክረምት፣ ጎተራው ባዶ በሚሆንበትና አዲሱ እህል ገና በማሳ ላይ በሚሆንበት ጊዜ ነው። በበጋ ደግሞ ሣር ሲጠፋ እሾሁ በእሳት ተለብልቦ ለከብት ይሰጣል። አጥርም እርሱ ነው። እምዬ ከብዙ ዓመት በኋላ ለሰርግ ወደ መንደራቸው ሄደው ሲያዩ የአባታቸው ጓሮ በለስ ነጭ ለብሶ፣ ደርቆ፣ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። በጣታቸው ሲነኩትም እጃቸው ቀላ። ስለዚህ በአቃቂ አጥር ሥር ያለው በለስ፣ ተባዩ ወደ አገራቸው ከመግባቱ በፊት በነጠላ ተጠቅልሎ የመጣው፣ ከአባታቸው ጓሮ የተረፈው እርሱ ብቻ ነበረ። ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነው እንግዲህ በ120 ብር ተባይ ገዝቼ ሥሩ ያስቀመጥሁት።

እዚህ ላይ ጥቂት ከመንገዴ ወጣ ልበል፤ ምክንያቱም ይህ ነገር በሌላ አገር ተገልብጦ ስለ ደረሰ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1788 ካፒቴን አርተር ፊሊፕ መርከቦቹን ይዞ ወደ አውስትራልያ ሲሄድ ከብራዚል በኮቺኒያል የተያዘ ቁልቋል ጭኖ ነበር። የእንግሊዝ ወታደሮች የቀይ ካፖርታቸው ቀለም ከዚህ ተባይ ይወጣ ስለ ነበረ ነው። በአውስትራልያ ግን ተባዩ አልበረከተም። በኋላ የገቡት የቁልቋል ዓይነቶች ግን በዙና በ1920ዎቹ 24 ሚሊዮን ያህል ሄክታር መሬት ሸፈኑ፤ ይኸውም የአገራችንን ስፋት አንድ አምስተኛ ያህላል። ገበሬው ቤቱን እየለቀቀ ሄደ። በመጨረሻ በ1925 ከአርጀንቲና የአንድ የእሳት ራት እንቁላል መጣ፤ ትሉም ቁልቋሉን ከውስጥ እየበላ በጥቂት ዓመታት ጨረሰው። በኩዊንስላንድ፣ ቡናርጋ በሚባል ስፍራ፣ ሕዝቡ በ1936 ለዚህ የእሳት ራት መታሰቢያ አዳራሽ ሠርቶለታል። እምዬ ይህን ሲሰሙ «ለተባይ አዳራሽ?» ብለው እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። ከዚያም ትንሽ አሰቡና፣ «እነርሱም ሸክም ወድቆባቸው ነበር» አሉ።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። የእኛ ተባይ ኮቺኒያል አለመሆኑ ቢታወቅም በለሱ ዳነ ማለት አልነበረም። አንዲት ጎረቤታችን ላምባ ቀቢበት አሉኝ። እኔም በለሱን ፈርቼ አስቀድሜ በአንድ እንዳሁላ ላይ ሞከርሁት። ተባዩ በእርግጥ ሞተ፤ በሦስተኛው ቀን ግን እንዳሁላውም ጠቁሮ ወደቀ። ሌላ ጎረቤት ማላታይን ሊሰጡን ፈለጉ። እምዬ ግን ፍሬው የሚበላ ነው፣ ዶሮዎቹም ከሥሩ ይጭራሉ ብለው እምቢ አሉ። እርሳቸው በበኩላቸው አመድ ነሰነሱበት። ተባዩ አመዱን ከጥጡ በላይ እንደ ጋቢ ደረበው እንጂ ምንም አልሆነም።

ጨንቆኝ አንዱን ቅርንጫፍ በፕላስቲክ ከረጢት አስሬ ለባዮሎጂ መምህራችን ወሰድሁት። በአጉሊ መነጽር ስናየው ከጥጡ ሥር ሞላላ፣ ዱቄት የተነሰነሰባት የምትመስል፣ በጠርዟ ዙሪያ ነጫጭ ፀጉር ያላት ፍጥረት ስትንቀሳቀስ አየን። ስሟ ሚሊባግ ነው አለን፤ ዱቄታማ ተባይ እንደ ማለት ነው። ሴቲቱ ክንፍ የላትም። በጥጡ ውስጥ ብዙ መቶ እንቁላል ትጥላለች። ጥጡና ዱቄቱ ሰም ስለ ሆነ ውኃ ቢፈስበት ይንሸራተታል፤ ብዙ መድኃኒትም አያልፈውም። በቀጭን ምላሷ የተክሉን ውኃ ትመጣለች፤ የተረፋትንም ጣፋጭ ፈሳሽ አድርጋ ታወጣለች። መምህሩ ቀና ብሎ፣ «ጉንዳን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። በእርግጥም ከግንቡ ስንጥቅ እስከ በለሱ ድረስ ጥቃቅን ጉንዳኖች በመስመር ሲመላለሱ አይቼ ነበር፤ ነገር ግን ጉንዳን የት የለም ብዬ ንቄው ነበር። ለካ እነዚያ ጉንዳኖች እረኞች ኖረዋል! ጣፋጩን ለማግኘት ሲሉ ተባይዋን ከጠላቶቿ ይጠብቃሉ፤ ልጆቿንም ከተክል ወደ ተክል ያጓጉዛሉ።

መምህሩ የሰጠኝ ምክር ሰሙን የሚያሟሟ ነገር ማግኘት ነበር፤ ይኸውም ከመድኃኒት ቤት የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ነው። በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ እያጠቀስሁ እያንዳንዱን ነጭ ነገር መንካት ጀመርሁ። አልኮሉ እንደ ነካው ነጭነቱ ጠፍቶ ቡናማ ይሆናል። ታላቅ ወንድሜ ይህን አይቶ፣ አረቄ ርካሽ ነው፣ ለምን አረቄ አናጠጣቸውም አለ። እምዬ «በቤቴ ተክል ሰክሮ አያድርም» ብለው ዘጉት። ይህ ለቀልድ ቢሆንም፣ አረቄ በጥንካሬው ከመድኃኒት ቤቱ አልኮል ያንሳል፤ ሰሙንም እንደዚያ አይፈታውም።

በለሱ ላይ ግን ሥራው እንዲህ ቀላል አልነበረም። ከትልቁ እሾህ ሥር ለዓይን የማይታይ እንደ ፀጉር የቀጠነ እሾህ አለ፤ እጅ ከገባ ለሳምንት ያሳክካል። ስለዚህ እምዬ የእንጨት እጀታ ያለው የድሮ ብሩሽ ሰጡኝ። በአንድ ሊትር ውኃ አንድ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና አሟሙቼ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ አሸሁ፤ ጧት ደግሞ በንጹሕ ውኃ አጠብሁ። ለዚህ የፈሰሰው ውኃ ከሳምንት ድርሻችን ላይ የተቀነሰ ስለ ነበረ እናቴ ደስ አላላትም። እጅግ የተያዙትን ሦስቱን የታችኛ ቅጠሎች ግን መቍረጥ ነበረብን። ቢላዋውን ለእኔ ሰጡኝና እርሳቸው ፊታቸውን ወደ ቤት መለሱ። የተቆረጡትን በግቢው ጥግ አቃጠልናቸው፤ ቆሻሻ ላይ ብንጥላቸው ተባዩን ለጎረቤት እንደ መላክ ይቆጠራልና።

በስድስተኛው ቀን ሁሉም ንጹሕ መሰለ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን እንደገና ነጭ ታየ። እንቁላሎቹ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሚፈለፈሉ፣ አንድ ጊዜ አጥፍቶ መተው ምንም እንዳላጠፉ ነው። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜን ቀጠሮ አደረግሁት። እስከ መጋቢት መጀመሪያ ድረስ አንድም ቅዳሜ አላለፈኝም። የሰፈር ጓደኞቼ ወደ ኳስ ሲሄዱ እኔ በጆሮ ጥጥ ተባይ ስጠርግ እያዩ «ዶክተር» ብለው ይቀልዱብኝ ነበር።

የቆርቆሮ እሬቶቼ ግን እየታጠቡም መክሳታቸውን አልተዉም። ከላይ ንጹሕ ናቸው፤ ነገር ግን አይለሙም። አንዱን ከነአፈሩ ሳወጣው በሥሩ ላይ ያው ነጭ ዱቄት ተጣብቆ አገኘሁ፤ በአፈር ውስጥ የሚኖር የዚህች ተባይ ዘመድ ነው አሉኝ። የአቃቂ አፈር መረሬ ነው። ለጤፍ እጅግ መልካም ነው፤ ነገር ግን ውኃ ይይዛል፣ ሲደርቅም እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ለቆርቆሮ እሬት አይስማማም። ስለዚህ ሥሮቹን ሁሉ በውኃ አጥቤ፣ የበሰበሰውን ቈርጬ፣ አራት ቀን በጥላ አደረቅሁ። ከዚያም ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ከአዲስ አፈር ጋራ እኩል ቀላቅዬ ተከልኋቸው። ከተሠራ ቤት አጠገብ የተረፈውን ጠጠር ነበር በፌስታል የለመንሁት። ቆርቆሮዎቹንም በሚስማር ከሥር በሳኋቸው።

በመጨረሻ ያሸነፍነው ግን በእምዬ አመድ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አመዱ በተባዩ ላይ ምንም አላደረገም ብዬ ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን አመዱ መሬት ላይ በተነሰነሰበት በኩል ጉንዳኖቹ መስመራቸውን እንዳቋረጡ አየሁ። እንግዲያውስ ብለን በበለሱ ግንድ ዙሪያ ሰፊ ቀለበት አድርገን ነሰነስንለት፤ ነፋስ ሲወስደው እንደገና ጨመርን። የግንቡንም ስንጥቅ በጭቃ ደፈንነው። ጉንዳኖቹ ከቀሩ በኋላ በየካቲት ወር ትንንሽ ጥንዚዛዎች በቅጠሎቹ ላይ መጥተው ነጩን ጥጥ ሲያነሡ ተገኙ። እኔ በጆሮ ጥጥ የማልደርስበትን ስፍራ እነርሱ ደረሱበት።

ያ በ120 ብር የገዛሁት ተክልስ? አልኮሉ የቅጠሎቹን ግራጫ ዱቄት አነሣበት፤ ያ ዱቄት ከፀሐይ የሚከልለው የራሱ ሰም ኖሯል። ፀሐይ አቃጠለችውና ጠቃጠቆ ሆነ። ብዙ ካዘንሁ በኋላ ከሦስቱ ቅጠሎች ጋራ ነው የተቃጠለው።

በሚያዝያ እምዬ በመሆኒ ላለው ወንድማቸው ስልክ ደውለው የሆነውን ሁሉ ነገሩት። ስልክ በተቋረጠባቸው የጦርነት ዓመታት ድምፁን ሳይሰሙ ከርመው ስለ ነበረ አሁን ሲደውሉ ነገር ያበዛሉ። እርሱም የአባታችን በለስ በአቃቂ መኖሩን ረስቼው ነበር፣ አንድ ቅጠል ላኪልኝና በጓሮ ልትከለው አላቸው። እምዬ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ቀዩ ከናንተ ሳይወጣ አልክም፤ ለማን ላበላው ነው?» አሉት። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ግን ወጥተው በለሱን ዞረው ዞረው አዩትና፣ ለመትከል የሚሆን አንድ ጥሩ ቅጠል በጣታቸው አሳዩኝ። «ይቺን አትንኪያት፤ ቀን ሲወጣ እርስዋ ነች የምትሄደው» አሉኝ። በላይዋ ላይ ቀይ ክር አስረንባታል።

በዚህ ዓመት ነሐሴ በለሱ ዐሥራ አንድ ፍሬ ሰጠ። ባለፈው ዓመት ከሠላሳ በላይ ነበረ። እምዬ በቢላዋ ሁለቱን ጫፍ ቈርጠው፣ በመካከሉ ሰንጥቀው፣ ልጣጩን ባንድ ጊዜ ገልብጠው የመጀመሪያውን ለእኔ ሰጡኝ። እኔም ባለፈው ሳምንት ከአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ቤት ትንሽ የእሬት ግልገል ተቀብያለሁ። በጣሪያው ላይ፣ ከበለሱ ርቃ፣ በውኃ በተሞላ ሳህን መካከል በቆርቆሮ ተቀምጣለች፤ ሠላሳ ቀን ሳትሞላ አትወርድም። ለእምዬ ገና አልነገርኋቸውም።